መሐል የሌለው ኔትወርክ እንዴት ወደቀ? የስካይፕ የጉዳይ ጥናት

ታኅሣሥ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2010)፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የፈረንጆች ገና ሊውል ሦስት ቀን ሲቀረው በኢንተርኔት ስልክ ለመደወልና መልእክት ለመላክ ያገለግል የነበረው ስካይፕ መውደቅ ጀመረ። በዚያ ሰሞን በአንድ ጊዜ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚገናኝበት ኔትወርክ ነበር። ለአንድ ቀን ያህል አብዛኛው ተጠቃሚ መግባት አልቻለም። የባሕር ውስጥ ኬብል አልተበጠሰም፤ መብራት አልጠፋም፤ ጥቃት የሰነዘረም አልነበረም።

ትልልቅ ሥርዓቶች ይወድቃሉ፤ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። የስካይፕን ጉዳይ መመርመር የሚያስፈልገው ሲነደፍ ጀምሮ ይህን አደጋ ለመሸሽ ተብሎ ያልተማከለ እንዲሆን ስለተደረገ ነው። አንድ ቦታ ሲመታ ሁሉም የሚጠፋበት መሐል የለውም ይባልለት ነበር። ኩባንያው ከአደጋው በኋላ ምክንያቱን በዝርዝርና በግልጽ አስረድቷል፤ ብዙ ኩባንያዎች ይህን አያደርጉም። ከዚህ በታች ያሉት የአደጋው አኃዞች ከዚያ ማብራሪያ የተገኙ ናቸው። ፍርዱ የእኔ ነው።

የተጠቃሚው ኮምፒውተር የኩባንያው መሣሪያ ሲሆን

ስካይፕን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት ስዊድናዊው ኒክላስ ዜንስትሮም እና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ናቸው። ሶፍትዌሩን የጻፉት ግን አህቲ ሄይንላ፣ ፕሪት ካሰሳሉ እና ያን ታሊን የተባሉ ኢስቶኒያውያን ነበሩ። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ሲል ካዛ የተባለውን የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም ሠርተዋል። ከካዛ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ለስልክ ሥራ ሲታሰብ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ አገልግሎቱን የሚሸከሙት የተጠቃሚዎቹ የራሳቸው ኮምፒውተሮች ይሁኑ የሚል። በተለመደው አሠራር አንድ ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ኩባንያው አዳዲስ ሰርቨሮች መግዛት አለበት። በስካይፕ አሠራር ግን አዲሱ ደንበኛ ራሱ አቅም ይዞ ይመጣል።

ይሁንና ኮምፒውተር ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አይፒ አድራሻ፣ በቂ ሜሞሪና ሰፊ መስመር አለው። ሌላው ከራውተርና ከፋየርዎል ጀርባ ሆኖ ወደ ውጭ መደወል እንጂ ከውጭ መጠራት አይችልም። ስካይፕ ከመጀመሪያዎቹ ወገን እየመረጠ «ሱፐርኖድ» የሚባል ተጨማሪ ሥራ ይሰጣቸው ነበር። ባለቤቱ ፈቃዱን የሰጠው ሶፍትዌሩን ሲጭን በተስማማበት ረጅም ውል ነው፤ ያንን ውል አንብቦ የተስማማ ስንት ሰው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሱፐርኖዱ እንደ ሰፈር ባለሱቅ ነው፤ ማን ቤቱ እንዳለ፣ ማን እንደወጣ፣ የማን በር በየት በኩል እንደሚገኝ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል።

ተራው ተጠቃሚ ስካይፕን ሲከፍት ፕሮግራሙ በቅድሚያ አንድ ሱፐርኖድ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ስካይፕ የለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባደረጉት ጥናት እያንዳንዱ ኮምፒውተር እስከ 200 የሚደርሱ የሱፐርኖድ አድራሻዎችን መዝግቦ እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ዝርዝሩ ባዶ የሆነበት ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የተጻፉ ጥቂት አድራሻዎችን ይሞክራል። የትኛው ተጠቃሚ የት እንዳለ የሚገልጸው ማውጫ እንኳ በኩባንያው እጅ አልነበረም፤ በሱፐርኖዶቹ መካከል ተበትኖ ይኖር ነበር። በኩባንያው ዘንድ የቀረው ዋናው ነገር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው ሰርቨር ነው።

በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለ ዘመድ ይደወል የነበረው ጥሪም በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች አንድ መስመር ተጋርተው ከራውተር ጀርባ ስለሚቀመጡ ሱፐርኖድ ለመሆን የሚመረጡበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሸክሙን የሚሸከምላቸው በሌላ አገር ያለ፣ የማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ነበር። ሸክሙ የበዛባቸው ደግሞ ሰፊ መስመርና ቀጥተኛ አድራሻ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ ቅሬታ ከመጣ በኋላ ስካይፕ በኋለኞቹ የዊንዶውስ ቅጂዎች የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ይህን ሥራ የሚያጠፉበት መንገድ ሰጠ። ስለዚህ «ሁሉም እኩል የሆነበት ኔትወርክ» የሚለው አባባል ገና ከጅምሩ መታረም ነበረበት። ጥቂት ጠንካሮች ብዙኃኑን ተሸክመው የሚሄዱበት ኔትወርክ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የታየ ምልክት

ነሐሴ 10 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2007)፣ የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ወር ሳይሞላው፣ ስካይፕ ለሁለት ቀን ገደማ ወድቆ ነበር። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን የዊንዶውስ ማሻሻያ ለቅቋል። ማሻሻያውን የተቀበሉ ኮምፒውተሮች በየአገሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፍተው ተነሡ። የተነሣው ሁሉ ወደ ስካይፕ ልግባ ብሎ ጠየቀ። ሱፐርኖዶቹም ዊንዶውስ ናቸውና አብረው ጠፍተው ነበር፤ ፈላጊው በበዛበት ሰዓት ተፈላጊው አነሰ።

ስካይፕ በማብራሪያው ማይክሮሶፍትን አልወቀሰም። ማሻሻያው በየወሩ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ኔትወርኩ ራሱን በራሱ አድኗል። በዚህኛው ጊዜ ያልዳነው የኔትወርኩን አቅም በሚደለድለው ሶፍትዌር ውስጥ ቀድሞ ያልታየ ስሕተት ስለነበረ ነው አለ። ስሕተቱም ታረመ።

እኔ እንደማየው ከስሕተቱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር በዚያ ሳምንት ታይቷል። ያልተማከለ ሥርዓት የሚታመንበት ስሌት አንድ ግምት ላይ ያርፋል፦ የአንዱ ኮምፒውተር መውደቅ ከሌላው መውደቅ ጋር አይገናኝም የሚል ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ ብሎ መፍራት ከንቱ ነው። ነሐሴ 1999 ያሳየው ግን የማይተዋወቁ ባለቤቶች ያሏቸው፣ በተለያዩ አህጉራት የተበተኑ ኮምፒውተሮች ከማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ከሬድመንድ በሚወጣ አንድ የጊዜ ሰሌዳ ሲታዘዙ ነው። ባለቤትነቱ ተበትኗል፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው።

ሰንሰለቱ ሲጎተት

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በዚያ ረቡዕ መጀመሪያ የታመመው ክፍል ከስልክ ጥሪ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ተቀባዩ ከመስመር ውጪ ሲሆን የሚላኩ የጽሑፍ መልእክቶችን የሚያስተናግድ የሰርቨሮች ስብስብ ነበር፤ በስካይፕ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ማዕከላዊ ክፍሎች አንዱ ነው። ይህ ስብስብ ጭነት በዛበትና መልሱ መዘግየት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ያለው ለማንኛውም የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ የተለመደ የሥራ ቀን ችግር ነው።

ችግሩ 5.0.0.152 የሚል ቁጥር ያለው የዊንዶውስ ስካይፕ ነበር። ይህ ቅጂ መልሱ ዘግይቶ ሲደርሰው እንዴት እንደሚያስተናግደው አያውቅም፤ ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል። የቆዩት የ4.0 ቅጂዎች፣ ማክና አይፎን ላይ ያሉት ይህ ጉድለት አልነበረባቸውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ 5.0.0.156 የተባለው አዲሱ ቅጂም ጉድለቱ የሌለበት መሆኑ ነው። ከችግሩ የጸዳው ቅጂ ተሠርቶ ወጥቶ ነበር፤ ተጠቃሚው ዘንድ ግን ገና አልደረሰም።

ከመላው ዓለም ተጠቃሚ ግማሽ ያህሉ 5.0.0.152ን ይጠቀም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ገደማው ፕሮግራሙ ተዘጋበት። ስናሰላው ከጠቅላላው ተጠቃሚ አምስተኛው ማለት ነው። አምስተኛው ተጠቃሚ ለጥቂት ደቂቃ ቢወጣና ቢመለስ ኔትወርኩ በቻለው ነበር። ነገር ግን ከተዘጉት መካከል ከሱፐርኖዶቹ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ነበሩ። የጠፋው የሱፐርኖድ ድርሻ ከጠፋው የተጠቃሚ ድርሻ መብለጡን ልብ ይሏል። ለሱፐርኖድነት የሚመረጡት ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ፣ ጠንካራ መስመር ያላቸው ኮምፒውተሮች ስለሆኑ፣ ምርጫው ራሱ ወደ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ያደላ እንደነበር እገምታለሁ።

ቀጥሎ የሆነው እንግዲህ የሒሳብ ጨዋታ ነው። ሰዓቱ የዕለቱ ከፍተኛ አጠቃቀም የሚጀምርበት ዋዜማ ነበር። ፕሮግራሙ የተዘጋበት ሁሉ መልሶ ይከፍታል፤ የተከፈተው ሁሉ ሱፐርኖድ ይፈልጋል። ከሱፐርኖዶቹ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ ቢጠፉ በቀሪዎቹ ላይ የሚደርሰው ጭማሪ በወረቀት ላይ ከግማሽ እጥፍ አይበልጥም። የተመዘገበው ግን በዚያ ሰዓት ከሚጠበቀው 100 እጥፍ የሚጠጋ ጭነት ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ገደል የሞላው ልመና ነው፦ ያልተመለሰለት ኮምፒውተር ደግሞ ይጠይቃል፤ አሁንም ካልተመለሰለት ሌላ በር ያንኳኳል። አንድ ሰው መግባት ባቃተው ቁጥር እንደ ብዙ ሰው ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያስገርመው የንድፍ ውሳኔ ይመጣል። እያንዳንዱ ሱፐርኖድ የተሠራው የሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። ባለቤቱ ደብዳቤ እየጻፈ ሳለ የማያውቀው የሌሎች ሰዎች ጭነት ኮምፒውተሩን ቢያደነዝዝበት ስካይፕን ወዲያው ያራግፈዋል። ስለዚህ ሱፐርኖዱ ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ የሱፐርኖድነቱን ሥራ አቁሞ ራሱን ያድናል። እያንዳንዱን ለብቻው ብንጠይቀው ያደረገው ትክክል ነው። ግን አንዱ ራሱን ባዳነ ቁጥር ሸክሙ በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤቱም ከልኩ ያልፍና እርሱም ራሱን ያድናል። ደጉ መከላከያ ኔትወርኩን በቁም ፈታው። በዚያ ላይ የወደቀ ሱፐርኖድ ቢነሣም ኔትወርኩ እንደገና እስኪያምነውና ሥራ እስኪሰጠው ድረስ ጊዜ ይወስድበታል። መውደቁ በደቂቃዎች ነው፤ መነሣቱ ግን አዝጋሚ ነው።

መሐል በመሥራት መዳን

ኔትወርኩ እንደ ቀድሞው ራሱን በራሱ እንዲያድን መጠበቅ እንደማያዋጣ የገባቸው መሐንዲሶች ያደረጉት ነገር ለንድፉ መሥራቾች ሳይመር አይቀርም። የስካይፕን ሶፍትዌር በኩባንያው ማሽኖች ላይ ጭነው በመቶዎች የሚቆጠሩ የራሳቸውን ሱፐርኖዶች አሰማሩ። «ሜጋ ሱፐርኖድ» ብለው ሰየሟቸው። በቂ ስላልሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ጨመሩ። ማሽኖቹን ያገኙት በዚያው ዓመት የተጀመረውን የቡድን ቪዲዮ ጥሪ ያስተናግዱ ከነበሩት ላይ ነጥቀው ነው፤ ጥቂቶች የሚጠቀሙበትን አዲሱን አገልግሎት አቁመው ብዙኃኑ የሚጠብቀውን ዋናውን አዳኑ። ይህ ፈጣንና ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የተጠቃሚዎቹ ሱፐርኖዶች አንድ በአንድ ሲመለሱ የቪዲዮውም ማሽኖች ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ መጥቶ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶኒ ቤትስ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለከፋይ ደንበኞችም የነጻ ጥሪ ካሣ ተሰጠ።

እነዚህ ማሽኖች ለምን ጸኑ? ከሌሎቹ የተለየ ሶፍትዌር ስለነበራቸው አይደለም። ደብዳቤ የሚጽፍባቸው ባለቤት የላቸውም፤ ሙሉ አቅማቸው ለሸክሙ ነው፤ ባለሙያ ከአጠገባቸው ሆኖ ያያቸዋል። ያልተማከለው ኔትወርክ እግሩ ላይ የቆመው በጊዜያዊ ማዕከል ተደግፎ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያነቡ «ያልተማከለ አሠራር አይሠራም» ወደሚል ድምዳሜ ይሮጣሉ። እኔ አልስማማም። ለሰባት ዓመታት በአነስተኛ ወጪ ዓለምን ያነጋገረ ንድፍ አልሠራም ሊባል አይችልም። ያልተበተነው ነገር ምን እንደነበር መጠየቅ ይበልጣል። ኮምፒውተሮቹ፣ ባለቤቶቹ፣ መስመሮቹ፣ የተጠቃሚዎች ማውጫው ሁሉ ተበትነዋል። ሶፍትዌሩ ግን ከአንድ ቦታ የወጣ፣ ግማሹ ዓለም ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ነበር። የአንድ የፕሮግራም ቅጂ ጉድለት ግማሽ ኔትወርክን በአንድ ጊዜ መንካት ከቻለ፣ መሐሉ ያ ቅጂ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የአደረጃጀት ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። የሱፐርኖድነቱ ሥራና የተጠቃሚው የመልእክት መስኮት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ አንድ የጽሑፍ መልእክት ምላሽ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያገናኘውን ክፍል ይዞት ወደቀ። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሆነውም በተለያየ ፕሮግራም ቢሠሩ ኖሮ በዚያ ምሽት ሚሊዮኖች ስካይፕ ለአፍታ ተዘግቶባቸው መልሰው ይከፍቱት ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ያበቃ ነበር።

ደጋግሞ የመጠየቁ ችግር መፍትሔው ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል፦ ያልተመለሰለት ኮምፒውተር የሚጠብቅበትን ጊዜ በየሙከራው ያስረዝም፣ የጥበቃውም ርዝመት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በዕጣ ይለያይ። ሱፐርኖዱም ሲጨናነቅ ጨርሶ ከመዝጋት ይልቅ አዲስ መጪን መልሶ ነባሮቹን ቢይዝ ይሻላል።

የሶፍትዌር ማሻሻያው ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በ1999 ኔትወርኩን የጣለው ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ሰሞን መሻሻላቸው ነው። በ2003 ዓ.ም. የጣለው ደግሞ የተሻለው ቅጂ እያለ ሳይሻሻሉ መቆየታቸው። ስካይፕ ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ማሻሻያን በራስ ሰር የሚያደርስበትን መንገድ እንደሚፈትሽ አስታውቋል፤ ተገቢ ነው። ሆኖም ማሻሻያውን ለሁሉም በአንድ ቀን ማድረስ የፊተኛውን አደጋ በር መልሶ መክፈት ነው፤ ሁሉም አንድ ቅጂ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚቀጥለው ጉድለት ሁሉንም በእኩል ያገኛቸዋል። መካከለኛው መንገድ በየተራ ማድረስ ነው፦ ዛሬ ከመቶ አንዱ፣ ከሳምንት በኋላ አሥሩ። እኔ ብሆን ሌላም እጨምር ነበር፦ አዲስ ቅጂ የጫነ ኮምፒውተር ለጥቂት ሳምንታት ሱፐርኖድ እንዳይሆን፣ ከሱፐርኖዶቹም መካከል አንድ ቅጂ ከሩብ በላይ እንዳይዝ። ይህ አዲስ አቅም የሚገኝበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በዚያ ረቡዕ ግን ከአራት ሱፐርኖድ አንዱን ማጣት ሳይሆን ከአሥር አንዱን ብቻ ማጣት ማለት ነበር፤ በተመሳሳይ የ40 በመቶ መጠን ብናሰላው።

ሱፐርኖዱ ወደ ቤቱ አልተመለሰም

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ሜይ 2011 ስካይፕን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ኮስትያ ኮርቺንስኪ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ የኔትወርኩን ሁኔታ ሲመረምር ከተጠቃሚ የተመረጠ ሱፐርኖድ ማግኘት እንዳልቻለ ገለጸ፤ ቀድሞ 48,000 ያህል የነበሩት ሱፐርኖዶች ቦታ በኩባንያው የሚተዳደሩ 10,000 ያህል የሊኑክስ ማሽኖች ተተክተዋል። ብዙ ሰው ነገሩን የማይክሮሶፍት ሥራ አድርጎ አየው፤ ጥሪዎችን ለመጥለፍ የተደረገ ነው የሚል ጥርጣሬም ተነሣ። ስካይፕ በበኩሉ ሐሳቡ ከግዥው በፊት የጀመረ መሆኑን አስረዳ። የታኅሣሡን ሌሊት ላየ ይህ ሊታመን የሚችል ነው፤ ሜጋ ሱፐርኖዶቹ ያኔውኑ ተፈትነው ሠርተዋልና።

አደጋው ባይደርስ ኖሮም ውጤቱ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። የእጅ ስልክ እየበዛ ነበር። ስልክ ባትሪው ውስን ነው፣ አድራሻው በየቦታው ይለዋወጣል፣ ከኔትወርክ ኩባንያው አጥር ጀርባ ይቀመጣል። ከሱፐርኖድ ይጠቀማል እንጂ ሱፐርኖድ አይሆንም። አዲሱ ደንበኛ አቅም ይዞ ይመጣል የሚለው የመሥራቾቹ ስሌት በዴስክቶፕ ዘመን የተሰላ ነው፤ ደንበኛው ባዶ እጁን መምጣት ሲጀምር ሸክሙን አንድ ሰው መክፈል ነበረበት።

ስካይፕ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025) ተዘጋ። በስተመጨረሻው ላይ እንደማንኛውም አገልግሎት ከዳታ ሴንተር የሚሠራ ነበር፤ የኢስቶኒያውያኑ ንድፍ ሳይኖር ብዙ ዓመት ሠርቷል። ከዚህ ተነሥቶ ንድፉን ከመጀመሪያውም ስሕተት ነበር ለማለት የሚፈልግ ካለ አንድ ነገር ያስላ፦ እነዚያን 10,000 ማሽኖች ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ነበረው፤ ስካይፕ ግን ሲቋቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ አልነበረውም።